ፊደል እየሳተ የሀገር ድምፅ የሆነ ሰው

በ1860 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የ36 ዓመት ሙዚቀኛ ለወዳጁ በቼክ ቋንቋ ደብዳቤ ጻፈ። ፊደሉም ሰዋስውም የተሳከረ ደብዳቤ ነበር። ጸሐፊው ራሱ ይህንን ያውቃልና እዚያው ላይ ይቅርታ ይጠይቃል። ምን ላድርግ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በትምህርት ቤትም በሰው መሀልም ያደግሁት በጀርመንኛ ነው ዓይነት ነገር ይላል። ማስታወሻ ደብተሩንም እስከዚያ ዘመን ድረስ የሚጽፈው በጀርመንኛ ነበር። ስሙ እንኳ ሲወለድ የተሰጠው በጀርመንኛው ፍሪድሪሽ ተብሎ ነው።

ይህ ሰው ቤድርዢህ ስሜታና ነው። ዛሬ ቼኮች የብሔራዊ ሙዚቃችን አባት የሚሉት፣ ፕራግ ውስጥ በየዓመቱ ግንቦት 12 ቀን የሞተበትን ዕለት ጠብቀው ሥራውን በማሰማት ትልቁን የሙዚቃ ፌስቲቫላቸውን የሚከፍቱለት ሰውዬ። የሀገሩን ቋንቋ እንደ ባዕድ ሰው በአዋቂነቱ የተማረ ሰው እንዴት የሀገር ድምፅ ሊሆን ቻለ? የኛ አንባቢ እዚህ ላይ የራሱን ሀገር ክርክር እያስታወሰ ፈገግ ሊል ይችላል። ይበል። እኔ ግን ወደ ቦሄሚያ ልሂድ።

ስሜታና የተወለደው መጋቢት 2 ቀን 1824 ሊቶሚሽል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ እዚያ ባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ የቢራ ጠማቂ ነበር። ጠማቂ ሲባል ግን በርሜል የሚያጥብ ምስኪን አይምሰላችሁ፤ ፋብሪካውን ተከራይቶ የሚያሠራ፣ ገንዘብ የያዘ፣ ማታ ማታ ከወዳጆቹ ጋር ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነው። ሀገሪቱ በሀብስቡርግ ነገሥታት ሥር ስለነበረች የመሥሪያ ቤቱም የትምህርት ቤቱም የገበያውም ቋንቋ ጀርመንኛ ነው። አባትየው ቼክኛ ይችላል፤ ግን ለሥራም ለክብርም አይመቸውምና ብዙም አይናገረውም። ልጆቹም በዚያው አደጉ። ቼክኛ የገበሬውና የአሽከሩ ቋንቋ ነው። ልጅ ቤድርዢህ በስድስት ዓመቱ በሕዝብ ፊት ፒያኖ ተጫውቶ ሲጨበጨብለት የጨዋ ቤት ልጅ ሆኖ ነው የተጨበጨበለት።

በወጣትነቱ ማስታወሻው ላይ የሰፈረ አንድ ምኞት አለው፤ በድርሰት ሞዛርትን፣ በጣት ቅልጥፍና ሊስትን መሆን። ሀገር፣ ሕዝብ፣ ባንዲራ የሚል ነገር የለበትም። ይህንን የምለው ሰውዬውን ለማሳጣት አይደለም። በኋላ የመጡ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ አርበኛ ስላደረጉት ነው። አርበኝነቱ የመጣው በ1848 ነው። በዚያ ዓመት አውሮፓ በአብዮት ስትናጥ ፕራግም ተነሣች፣ ስሜታና ለአማፂያኑ ሰልፍ የሚሆኑ ማርሾችና አንድ የነፃነት መዝሙር ጻፈ፣ በካርል ድልድይ አጠገብ በተሠራው መከላከያ ምሽግ ላይም ቆመ። የኦስትሪያ ጦር አመፁን ደመሰሰው። እሱ ግን ሳይታሰር አመለጠ።

እንግዲህ እዚያው ዓመት ላይ ስለ ሰውዬው ጠባይ ብዙ የሚነግረን ነገር አለ። ስሜታና ምንም ገንዘብ አልነበረውም። ለፍራንዝ ሊስት፣ ያኔ በአውሮፓ ዝናው ጣሪያ ለነካው የፒያኖ ንጉሥ፣ ስድስት የፒያኖ ድርሰቶቹን ልኮ አሳትምልኝ፣ በዚያውም 400 ጉልደን አበድረኝ ብሎ ጻፈለት። በዓይን እንኳ የማያውቀው ወጣት ነው ይህን የሚለው! ሊስት ብሩን አልላከም። ድርሰቱን ግን አመሰገነ፣ አሳታሚም እንዲያገኝ ረዳው፤ ከዚያ በኋላም እስከ መጨረሻው ወዳጁ ሆነ። ስሜታናም በዚያው ዓመት የፒያኖ ትምህርት ቤት ከፈተና እንጀራውን ማግኘት ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ከባድ ናቸው። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከካተርዢና አራት ሴት ልጆች ወለደ። ከ1854 እስከ 1856 ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ሦስቱ ሞቱ። በተለይ ቤድርዢሽካ የምትባለው፣ በስሙ የተሰየመችው፣ ገና በአራት ዓመቷ የሙዚቃ ተሰጥኦ የታየባት ልጅ በመስከረም 1855 በቀይ ትኩሳት ስትሞት ሰውዬው ተሰበረ። ተቀመጠና ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ የሚሆን አንድ ትሪዮ ጻፈ።

ይህን ትሪዮ ያልሰማ ሰው ስሜታናን አውቃለሁ ባይል ደስ ይለኛል። ቫዮሊኑ ብቻውን ይጀምራል። በወፍራሙ ክር ላይ፣ ታች ታች እያለ፣ ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ ልክ እንደኛ አልቃሽ ድምፁን ሳያነጥር ከደረቱ የሚያወጣ ሰው ይመስላል። ከዚያ ቼሎው ይከተላል፣ ፒያኖው ይገባል፣ ነገሩ እየጋለ ይሄዳል። በሦስተኛው ክፍል ላይ የሚጋልብ ነገር አለ፤ መሀሉ ላይ የቀብር ሰልፍ ድንገት ብቅ ይላል፣ ከዚያም ግልቢያው ይቀጥላል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ለሕዝብ ሲቀርብ የፕራግ ሐያስያን አልወደዱትም። ሊስት በዓመቱ ፕራግ ሲመጣ ሰምቶት ተደነቀ። እዚህ ትሪዮ ውስጥ የቼክ ሀገር የለም፣ ተራራም ወንዝም የለም። አንድ አባት ብቻ ነው ያለው። በኔ ግምት ስሜታና ራሱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ የሀገር ጉዳይ የመጣው በኋላ ነው።

በ1856 መገባደጃ ፕራግ አልመቸው ሲል ወደ ስዊድን፣ ወደ ዮተቦርግ ከተማ ሄደ። እዚያም የፒያኖ መምህርና የመዘምራን ማኅበር መሪ ሆኖ አምስት ዓመት ያህል ሠራ። የዛሬ ሰው ቢሆን ስደት ይለዋል። ሚስቱ የስዊድን ብርድ አልተስማማትምና በሳንባ በሽታ ተዳክማ በ1859 ወደ ሀገሯ ስትመለስ መንገድ ላይ ድሬስደን ደርሳ ሞተች። በማግሥቱ ዓመት ቤቲና የምትባል ወጣት አገባ። ይህ ጋብቻ ብዙም ደስታ አልሰጠውም።

መቼም ሰው ከሀገሩ ወጥቶ ነው ሀገሩን የሚያየው የሚሉት ነገር በስሜታና ላይ ሠርቷል። በመጀመሪያ የጠቀስሁት ስሕተት የሞላበት ደብዳቤ የተጻፈው በዚህ የስደት ዘመኑ ነው። በ1860 መጨረሻ ደግሞ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ለክፍላተ ሀገሩ ጥቂት መብት ሲፈቅድ ቼኮች በራሳቸው ቋንቋ የሚሠራ ቴያትር ቤት ለማቆም ተነሡ። ስሜታና በ1861 ዕቃውን ሸክፎ ወደ ፕራግ ገባ፤ ቼክኛም እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ አጠና። በ37 ዓመቱ።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ የሚጥም ነው። በ1866 የመጀመሪያው ኦፔራው «ብራንደንቡርጎች በቦሄሚያ» ቀረበለት፤ በኦፔራ ውድድርም አሸነፈበት። በዚያው ዓመት ግንቦት 30 ቀን ሁለተኛው፣ «የተሸጠችው ሙሽራ» የሚባለው ቀልደኛ ኦፔራ ቀረበ። ቀኑ ሞቃት ነው፤ ኦስትሪያና ፕሩሲያ ሊዋጉ ተፋጠዋል፤ ሰው ልቡ ከጦርነቱ ላይ ነው። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ሆነ ይባላል። ስሜታና ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ እየደጋገመ እያሻሻለ በ1870 ዛሬ የምናውቀውን መልክ ሰጠው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። የኒክ የሚባል ድሀ መሳይ ጎረምሳ ማርዠንካን ይወዳል። ወላጆቿ ደግሞ ለቶቢያስ ሚኻ ልጅ ሊድሯት ተስማምተዋል፣ በደላላ በኩል። ኬጻል የሚባለው ይህ የጋብቻ ደላላ አፈ ጮሌ ነው፤ የኒክን ሦስት መቶ ጉልደን ውሰድና ልጅቷን ተዋት ይለዋል። የኒክም እሺ ይላል፤ ውሉ ላይ ግን ልጅቷ ለ«ቶቢያስ ሚኻ ልጅ» እንጂ ለሌላ እንዳትዳር የሚል ያጽፋል። ሀገር ምድሩ ፍቅሩን ሸጠ ብሎ ሲያወግዘው፣ ለካስ የጠፋው የሚኻ የበኩር ልጅ እሱ ራሱ ኖሯል! ብሩንም ልጅቷንም ይዞ ይሄዳል። ሰርግ የሚያውቅ፣ ሽማግሌና ደላላ ያየ ሕዝብ ይህ ታሪክ ለምን እንደሚያስቀው ማስረዳት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ጉድ አለ። የዚህን ኦፔራ ግጥም የጻፈው ካሬል ሳቢና ነው። ሳቢና የአብዮቱ ዘመን ጀግና፣ ታስሮ የተፈታ፣ በአርበኝነቱ የሚከበር ደራሲ ነበር። በ1872 ግን ለዓመታት ለኦስትሪያ ፖሊስ ጆሮ ጠቢ ሆኖ ሲሠራ እንደኖረ ታወቀ። ወዳጆቹ እንደ ለምጻም አገለሉት፤ እንደ ከሃዲ እየተቆጠረ ኖሮ ሞተ። ኦፔራው ግን ተጣለ? አልተጣለም። እስከ ዛሬ ቼኮች እንደ ነፍሳቸው ይወዱታል። የሕዝብ ፍቅር ያገኘው፣ ከሁሉም በላይ «የኛ ነው» የተባለው ሥራ፣ ቃሉ የጆሮ ጠቢ፣ ዜማው ጀርመንኛ አፉን የፈታበት ሰው ነው። ንጹሕ ደም ንጹሕ ልብ ሳይሉ ጥበብን የማይቀበሉ ሰዎች ይህን እንዴት እንደሚያስታርቁት አላውቅም።

ሌላም ክርክር ነበረ። ከፖለቲካ መሪዎቹ አንዱ የሆነው ፍራንቲሼክ ሪገር የቼክ ኦፔራ ከሕዝብ ዜማዎች ተቀምሞ መሠራት አለበት የሚል አቋም ነበረው። ስሜታና አልተስማማም። ያማ ኦፔራ ሳይሆን የዘፈን ቅልቅል ነው የሚሆነው አለ፤ የገበሬውን ዘፈን እየገለበጡ መደርደር የሀገር ሙዚቃ መሥራት አይደለም፣ መንፈሱን ይዞ የራስን መጻፍ ነው እንጂ። «የተሸጠችው ሙሽራ»ን የሚሰማ ሰው ፖልካው፣ ፉሪያንቱ፣ የመንደሩ ጭፈራ ሁሉ ከሕዝቡ አፍ የተለቀመ ይመስለዋል። ከጥቂት ቦታ በቀር ግን የሱ የራሱ ድርሰት ነው። በኔ ሐሳብ ስሜታና በዚህ ክርክር ፍጹም ትክክል ነበረ፤ ያሸነፈውም በንግግር አይደለም፣ በሥራው ነው። ባህላዊ ዜማ አንሥቶ ከሥሩ ኪቦርድ ያነጠፈ ሁሉ ባህል ጠበቅሁ የሚልበት ዘመን ላይ ያለን ሰዎች ይህችን ነገር ደጋግመን ብናስባት አይከፋም።

ጠላቶቹ ግን አልተኙም። በ1868 «ዳሊቦር» የሚለው ኦፔራው የብሔራዊው ቴያትር ቤት የመሠረት ድንጋይ በተጣለበት ቀን ቀረበ። ዕለቱ እንዲህ ያለ የደስታ ዕለት ሆኖ ሳለ ሥራው ዋግነርን የመሰለ ነው፣ ጀርመን ጀርመን ይሸታል ተባለ። ልብ በሉ፤ ቼክኛውን በመከራ የተማረ ሰው ነው «ጀርመናዊ» እየተባለ የሚሰደበው። በ1872 ደግሞ 86 የቴያትር ቤቱ ቋሚ ደንበኞች ከሥራ አስኪያጅነቱ... ይቅርታ፣ ከኦርኬስትራ መሪነቱ እንዲነሣ ፈርመው አቤት አሉ። ሙዚቀኞቹ ተቃወሙ። ከደጋፊዎቹ መካከል በዚያው ኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ይጫወት የነበረ አንቶኒን ድቮርዣክ የሚባል ወጣት ነበረበት። አዎ፣ ያ በኋላ ኒውዮርክ ሄዶ የአሜሪካ ሙዚቃ መሠረት የጥቁሮቹ ዜማ ውስጥ ነው ብሎ አሜሪካኖቹን ያስደነገጠው ድቮርዣክ።

ስሜታና ከወንበሩ አልተነሣም። የተነሣው በሌላ ምክንያት ነው።

በ1874 በጋ ላይ ጆሮው መታመም ጀመረ። ይጮኽበታል፤ ያፏጭበታል። በጥቅምት ወር አንድ ማታ ተኝቶ ሲነሣ ምንም አልሰማም። ሁለቱም ጆሮው ጠፋ፤ የ50 ዓመት ሰው ነው። ሥራውን ለቀቀ። አሁን ደግሞ ቀኖቹን ቁጠሩልኝ። በኅዳር 18 «ቪሼህራድ» የተባለውን የ«ሀገሬ» መጀመሪያ ክፍል ጨረሰ። ከሁለት ቀን በኋላ «ቭልታቫ»ን ጀመረ፤ በታኅሣሥ 8 ጨረሰ። ዓለም በሙሉ የሚያውቀው፣ ከኤርፖርት እስከ ስልክ ጥሪ የገባው ያ የወንዝ ዜማ የተጻፈው ጆሮው ከደነቆረ ብዙም ሳይቆይ፣ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ነው።

«ቭልታቫ»ን እስቲ ቀስ ብላችሁ ስሙት። ሁለት ምንጮች አሉ፤ አንዱን ፍሉቶች ሌላውን ክላሪኔቶች ይዘውት እየተንፏለሉ ይመጡና ይገናኛሉ። ወንዙ ጫካ ያልፋል፣ የአዳኞች መለከት ይሰማል። መንደር ይደርሳል፣ ሰርግ አለ፣ ፖልካ ይጨፈራል። ይመሻል፣ ጨረቃ ትወጣለች፤ በዚህ ቦታ ላይ ያለው የቫዮሊን ዝምታ፣ ዝምታ ሊባል የሚችል ድምፅ፣ መስማት ካቆመ ሰው መውጣቱን እያሰብሁ ስሰማው ይከብደኛል። ከዚያ ፏፏቴው፣ ከዚያ ፕራግ፣ ከዚያ የቪሼህራድ ዐለት።

ይህች የቪሼህራድ ዜማ ደግሞ ምሥጢር አላት። የምትጀምረው በሁለት ኖታዎች ነው፤ እነሱም በጀርመኖች የኖታ አጠራር ቢ እና ኤስ ናቸው። ቤድርዢህ፣ ስሜታና። ሀገሩን ሲያወድስ ስሙን በግርጌዋ ፈርሟል፤ ፊርማውም የሚነበበው በጀርመንኛ ነው።

ስለዚያ የወንዝ ዜማ ሌላ ነገር ልጨምር። ከስሜታና በፊት በአውሮፓ ሲዞር የኖረ ዜማ ነው፤ ጣሊያን ውስጥ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ይታወቅ ነበር፤ የስዊድንም የታወቀ የሕዝብ ዘፈን አንድ ቤተሰብ ነው፤ ስሜታና ደግሞ ስዊድን ኖሯል። ከዚሁ ቤተሰብ ሌላው ደግሞ በሞልዳቪያ ገበሬዎች በኩል ዞሮ የእስራኤል ብሔራዊ መዝሙር «ሃቲክቫ» ሆኗል። ስለዚህ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ቆመው ሲዘምሩት የሚሰሙት ዜማ የ«ቭልታቫ» የአጎት ልጅ ነው ማለት ነው። የቼክን ምድር ከዓለም ምድር ሁሉ ለይቶ ያሳያል የሚባለው ዜማ፣ ብዙ ሀገር ሲዞር የኖረ መንገደኛ ሆኖ ተገኘ። ስሜታና ያደረገው ነገር ከየት እንዳመጣው አይደለም ዋናው፤ ከምንጭ ተነሥቶ እያደገ እንዲሄድ ማድረጉ ነው።

«ሀገሬ» በጠቅላላው ስድስት ክፍል ነው፤ በ1879 ተጠናቆ በ1882 ሁሉም በአንድ ላይ ፕራግ ውስጥ ቀረበ። እኔ ስድስቱን እኩል አልወድም። «ሻርካ» የምትባለዋ፣ ወንዶችን አስክራ የምታስፈጅ የተረት ጀግና ሴት፣ ትኩስ ናት፣ ድራማ ናት። አራተኛው ስለ ሜዳውና ጫካው የተጻፈው ሰፊና የሚያጠግብ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት፣ «ታቦር» እና «ብላኒክ»፣ ከድሮ የሁሳውያን ሃይማኖታዊ ተዋጊዎች መዝሙር ላይ የተሠሩ ናቸው፤ መዝሙሩ ይመላለሳል፣ ይመላለሳል፣ አሁንም ይመላለሳል። ለሰልፍ ጥሩ ነው። ወንበር ላይ ለተቀመጠ አድማጭ ግን ይከብዳል። ቼክ ወዳጅ ካላችሁ ይህንን አትንገሩት።

ፖለቲከኞች ግን የሚወዱት በትክክል ይህንን የመጨረሻውን ነው። በ1939 ናዚዎች ፕራግ በገቡ በሦስተኛው ወር ቫጽላቭ ታሊህ «ሀገሬ»ን ሲያሰማ ሕዝቡ መጨረሻ ላይ ብሔራዊ መዝሙር ዘመረ። ያ ለራሱ የሆነ ክብር ነው፤ አይነካም። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያሳፍረው። ዝዴኔክ ኔየድሊ የሚባል የሙዚቃ ታሪክ ምሁር ነበር፣ ሊቶሚሽል የተወለደ የስሜታና ሀገር ልጅ። ዕድሜ ልኩን ስሜታናን እንደ ታቦት ተሸክሞ ዞረ፤ በዚያውም ድቮርዣክን ሲያጣጥል ኖረ። አንዱን ለማክበር ሌላውን መርገጥ ግድ ነው የሚመስለው ሰው ነበር። ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ሲይዙ ይኼው ሰውዬ ሚኒስትር ሆነ፤ ስሜታናም ከሱ ጋር የመንግሥት ንብረት ሆነ። ድቮርዣክ ለስሜታና ተከራክሮለት፣ ከሱ ሥር ቪዮላ ተጫውቶ፣ የስሜታና ደቀ መዝሙር ነኝ ባይ ደግሞ ድቮርዣክን ሲያሳድድ። በ1990 ከ42 ዓመት ስደት በኋላ የተመለሰው ራፋኤል ኩቤሊክ በፌስቲቫሉ መክፈቻ ላይ ያንኑ «ሀገሬ» ሲመራ ሰዎች ያለቀሱት ሙዚቃው ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተመልሶ እጃቸው ስለገባ ጭምር ይመስለኛል።

ወደ ደንቆሮው ሰውዬ እንመለስ። ከ1876 ጀምሮ ያብኬኒጼ በሚባል መንደር የጫካ ጥበቃ ኃላፊ ካገባች ልጁ ከዦፊዬ ቤት ኖረ። ከአራቱ ልጆች የተረፈችው እሷ ነበረች። ቴያትር ቤቱ በዓመት 1,200 ጉልደን ጡረታ ሊከፍለው፣ እሱም በለውጡ ኦፔራዎቹን የማሳየት መብት ሊሰጥ ተስማሙ። ገንዘቡ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ኦፔራዎቹ ግን ሳይዘገዩ ይታያሉ፣ ቲኬቱም ይሸጣል። በ1881 ብሔራዊው ቴያትር ቤት በሱ ኦፔራ በ«ሊቡሼ» ሲመረቅ ለስሜታና መግቢያ ቲኬት የሰጠው ሰው አልነበረም። በመጨረሻው ሰዓት ነው የቴያትር ቤቱ ኃላፊ ወደ ራሱ ሎጅ የጠራው። አልጋ ወራሹ ሩዶልፍ መጥቷል፣ መኳንንቱ መጥተዋል፤ የኦፔራው ደራሲ ግን ሎጅ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ሙዚቃ በዓይኑ ብቻ ያያል። በሁለት ወሩ ያ ቴያትር ቤት ተቃጠለ፤ ሕዝቡ በ47 ቀን ውስጥ ማሠሪያ ገንዘብ አዋጣ፤ በ1883 እንደገና በ«ሊቡሼ» ተከፈተ።

አሁን ወደምወደው ሥራ ደረስሁ። በ1876 መጨረሻ ያብኬኒጼ ተቀምጦ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ አንድ ኳርቴት ጻፈ፤ «ከሕይወቴ» አለው። ለትልቅ አዳራሽ አላሰበውም፤ አራት ወዳጆች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለሚያሳስባቸው ነገር እንደሚያወሩ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ፕራግ የነበረው የክፍል ሙዚቃ ማኅበር ለመጫወት አይቻልም ብሎ መለሰው። በ1878 በወዳጆች ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወቱት ቪዮላውን የያዘው ድቮርዣክ ነበር። ይህ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም፤ ኳርቴቱን በትልቅ ዜማ የሚከፍተው ቪዮላው ነውና።

መጀመሪያ የወጣትነት ግለት አለ፤ ቀጥሎ ፖልካ አለ፤ ሦስተኛው በቼሎ የሚጀምር ቀስተኛ ክፍል ነው፣ በድሬስደን የቀረችው የመጀመሪያ ሚስቱ ትዝታ። አራተኛው ደስታ ነው። የሀገሩን ሙዚቃ መንገድ ያገኘ ሰው ደስታ፣ የሚጨፍር፣ የማያቆም። ከዚያ በድንገት ይቆማል። ሦስቱ መሣሪያዎች ታች ይንቀጠቀጣሉ፣ አንደኛው ቫዮሊን ከላይ አንዲት ቀጭን ረጅም ድምፅ ይይዛል፣ አይለቅም። ጆሮው ውስጥ ይጮህበት የነበረው ነገር ምልክት ናት። እዚህ ላይ ሙዚቃ መሆኑ ይቀራል፤ በሽታው ራሱ ነው የሚሰማው። ስሜታና ሕመሙን ለማስረዳት አልሞከረም፤ እኛም ጆሮ ውስጥ ከተተው። ከዚያ የመጀመሪያው ክፍል ትዝታ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ክሮቹ በጣት እየተነኩ፣ እያነሱ፣ እያነሱ ዝም ይላሉ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አእምሮው ተናጋ። ማስታወስ አቃተው፣ ይቆጣል፣ የሌለ ነገር ያያል። ቤተሰቡ በሚያዝያ 1884 ፕራግ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ወሰዱት። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 12፣ እዚያው ሞተ፤ 60 ዓመቱ ነበር። ቪሼህራድ ላይ ቀበሩት፣ ያ በኖታ ስሙን የፈረመበት ዐለት ላይ። በቀብሩ ዕለት ማታ ብሔራዊው ቴያትር ቤት አስቀድሞ የያዘው ፕሮግራም ነበረው። አልሰረዙትም። መድረኩን ጥቁር ጨርቅ አለበሱና «የተሸጠችው ሙሽራ»ን ተጫወቱ።